ቀይ ጥፍር በለቅሶ ቤት

እድላዊት ጸጋአብ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ከለቡ መብራት ኃይል በሚኒባስ ተሳፍራ ጎፋ ወደሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ትሄዳለች፤ እዚያም በመድኃኒት ካርቶኖች ላይ የታተመው ቀለም ከናሙናው ጋር መመሳሰሉን ስታረጋግጥ ትውላለች። ማታ ትመለሳለች፤ ራቷን በልታ ትተኛለች። ቅዳሜ ጥፍር ትቀባለች፤ የቀባችውንም ፎቶ ታነሣለች። እሑድ ምሽት ፎቶውን ከአሠራሩ ማብራሪያ ጋር «የቅዳሜ ጥፍር» በተባለው የቴሌግራም ቻናሏ ላይ ትለቅቃለች።

ቻናሉ ገንዘብ አያስገባላትም፤ እርሷም ከእርሱ ገንዘብ ጠብቃ አታውቅም። የጀመረችው የውበት ሳሎን ደጅ ሳይረግጡ እጃቸውን ማሳመር ለሚሹ፣ እንደ እርሷ ላሉ ሴቶች ብላ ነው። እጅን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ማለስለስ፣ ጥፍርን በሞረድ ወዲያና ወዲህ ሳይሆን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሞረድ፣ ቀለሙን መጀመሪያ መኻሉን ቀጥሎም ግራና ቀኙን መቀባት፤ ይህን ሁሉ ረጋ ባለ ቋንቋ ትጽፋለች። ፎቶ ማንሣትን ያስተማራት ግን የለም። አንድ እጇን ቀብታ በሌላው ስልኳን ስትይዝ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ አምፖል ስታበራ ደግሞ ቀዩ ቀለም ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ከብዙ ሙከራ በኋላ ከጧቱ የመስኮት ብርሃን የሚሻል መብራት እንደሌለ፣ በጥላው በኩል ነጭ ካርቶን ቢያቆሙ ጥላው እንደሚለሰልስ በራሷ ደረሰችበት። የቀራት የሌላ ሰው እጅ ነበር።

ያንን እጅ ያገኘችው ከግድግዳዋ ማዶ ነው። እትዬ ተናኘ ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ጎረቤቷ ናቸው። አንድ ቀን በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ጣቶቻቸውን አየች። ረጃጅም ናቸው፤ ዕድሜ መስመር ቢያሰምርባቸውም ቅርጻቸውን አልነካውም።

«እትዬ፣ እጅዎን ያውሱኝ» አለቻቸው።

«እጄን? ምን ልታደርጊው? ካቴና ልታስገቢበት ነው?»

«ጥፍርዎን ልቀባና ፎቶ ላነሣው።»

እትዬ ተናኘ ምስሩን ትተው ሳቁ። «በዚህ ዕድሜዬ! ጎረቤት ቢያየኝ "አበደች" ነው የሚለው።»

«ፊትዎ አይታይም። እጅዎ ብቻ።»

ተስማሙ፤ ግን ያለ ውል አልነበረም። ፊታቸው አይወጣም። እጁ የማን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ቅዳሜ የተቀባው በዚያው ቅዳሜ ይጠፋል፤ እሑድ ቀለም በጥፍራቸው ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም። እድላዊት ይህን ውል ወራት ሙሉ አክብራ ኖረች።

ያፈረሰችው በአንዲት ቅዳሜ ነው።

የዚያን ቀን የመረጠችው ቀለም ደማቅ ቀይ ነበር። እትዬ ተናኘ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አንድ ሎሚ በጣቶቻቸው ያዙ። ስስ መጋረጃው ብርሃኑን አለዝቦ እጃቸው ላይ አሳረፈው። እድላዊት የስልኩን መስታወት ነካ አድርጋ ትኩረቱን ጥፍሩ ላይ አቆመች፤ ድምቀቱን ጥቂት ዝቅ አደረገችና ትንፋሿን ይዛ አነሣች። ፎቶውን አስፍታ አየችው። ማተሚያ ቤት ቀኑን ሙሉ ቀለም ስትመረምር የምትውል ዓይኗ ቀዩ ልክ ቀይ ሆኖ እንደወጣ ነገራት። እስከዚያ ቀን ካነሣቻቸው ሁሉ የበለጠው ነበር።

የቀለም ማጥፊያውን የአሴቶን ጠርሙስ ያየችው ከዚህ በኋላ ነው። ባዶ ሆኗል። የመጨረሻዋን ጠብታ ከፎቶው በፊት የአንዱን ጥፍር ጠርዝ ስታስተካክል ጨርሳታለች።

«ሮጥ ብዬ ገዝቼ እመጣለሁ» ብላ ጫማዋን ስታጠልቅ የእትዬ ተናኘ ስልክ ጮኸ። ከፉሪ ነው። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሚሳኤል ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ዛሬ ደክመዋል፤ «ተናኘን ጥሩልኝ» ብለዋል።

«እትዬ፣ አንድ አፍታ ይጠብቁኝ።»

«ወንድሜ እየጠራኝ ለጥፍር ልጠብቅ? ተዪው፣ ነጠላዬ ይሸፍነኛል። ስመለስ ታጠፊልኛለሽ።»

ሲመለሱ መሽቶ፣ ሱቁም ተዘግቶ ነበር፤ እድላዊት ፎቶውን ደጋግማ ስታይ ውላ አሴቶኑን መግዛት ረስታዋለች። በማግስቱ ማለዳ አሴቶን እንድትገዛ ተነጋግረው ተለያዩ።

ማለዳው ግን እድላዊትን አልጠበቀም። ገና ሰማዩ ሳይገልጥ በኮሪደሩ ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማች፤ በዝግታ የሚራመድ፣ የማይነጋገር እግር። የእድር ሽማግሌዎች የሰው በር እንደዚያ የሚያንኳኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ወዲያው የእትዬ ተናኘ ጩኸት ግድግዳውን አልፎ መጣ። እድላዊት ከአልጋዋ ዘልላ ስትነሣ ከሐዘኑ ቀድሞ ወደ አእምሮዋ የመጣው ቀዩ ጥፍር ነበር፤ በዚህም በራሷ አፈረች።

ስትደርስ ሴቶች እትዬ ተናኘን ደግፈዋቸዋል። ጥቁር ልብስ አልብሰዋቸዋል፤ እጆቻቸው ግን እስከ አንጓቸው በነጠላ ተጠቅልለው ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እትዬ ተናኘ የተጠቀለለውን ቡጢያቸውን ወደ ሆዳቸው ሳቡት። እድላዊትም ነገሩ ገባት። ይህ ቀይ ዛሬ ቢታይ «ወንድሟ ሲያጣጥር ጥፍሯን ትቀባ ነበር» ይባላል፤ ይህ ቃል ደግሞ አንዴ ከተባለ እትዬ ተናኘን እስከ መቃብራቸው ይከተላቸዋል።

የእድሩ ሰዎች መኪና ይዘው ወደ ፉሪ ሲነሡ እድላዊት ቦርሳዋን ብድግ አድርጋ ተከተለች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ሱቆች ሁሉ ገና ዝግ ነበሩ። በቦርሳዋ ውስጥ የተገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቀለም በላይ ለማንጸባረቂያ የሚቀባው፣ ቀለም የሌለው ጥፍር ቀለም።

ፉሪ ሲደርሱ በአቶ ሚሳኤል ግቢ ድንኳን ተተክሎ ሰው ሞልቶታል። የአቶ ሚሳኤል ባለቤት ወይዘሮ ሞልቱ የዚያው የፉሪ የገበሬ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ዘመዶቻቸው ከየአቅጣጫው ይጎርፋሉ። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ደረታቸውን ይደቃሉ። እትዬ ተናኘ ብቻ እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ቆልፈው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። እንባቸው አገጫቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ የሚጠርግላቸው እጅ የለም።

ይህ ከእትዬ ብርነሽ ዓይን አላመለጠም። እትዬ ብርነሽ ከዚያው ከለቡ የመጡ የእድሩ አባል ናቸው፤ ለቅሶ ላይ ማን እንዴት እንዳለቀሰ አይረሱም።

«ምነው ተናኘ እጇን ቆለፈችው?» አሉ ለጎናቸው ሴት፣ ድንኳኑ እንዲሰማ አድርገው። «ለወንድሟ ያልተዘረጋ እጅ ለማን ሊዘረጋ ነው?»

«ተያት ባክሽ፣ ደንዝዛ ነው።»

«እጇ ብቻ ነው የደነዘዘው? አፏ ይጮኻል፣ ዓይኗ ያለቅሳል። ቀብሩ ላይም እንዲህ ልትሆን ነው?»

እድላዊት ከኋላቸው ተቀምጣ ጆሮዋ ጋለ። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነው፤ በአቅራቢያው አሴቶን የሚሸጥ ሱቅ አላየችም። አስከሬኑ ሲወጣ እህት እጇን ዘርግታ ካልተሰናበተች ሐሜቱ ይጸናል፤ ከዘረጋች ደግሞ ቀዩ ይታያል። ከሁለቱ የሚያወጣ መንገድ ስትፈልግ ሳለ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። አንድ ጊዜ በደረቀ ቀለም ላይ የማንጸባረቂያውን ስትደርብ ተሳስታ ገና እርጥብ ሳለ ጠርጋው ነበር፤ የታችኛውም ቀለም አብሮ ተነሣ። አዲሱ ሲቀባ አሮጌውን ያሟሟዋል፤ ሳይደርቅ ከጠረጉት ሁለቱም ይወጣሉ። ቀለም ማባከን ነው ብላ በቻናሏ ላይ ጽፋው አታውቅም።

ተነሥታ ወደ እትዬ ተናኘ ጎንበስ አለች። «እትዬ፣ ይነሡ፣ ፊትዎን ይታጠቡ።»

ደግፋ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የእህል ማስቀመጫ ክፍል ወሰደቻቸው። የጤፍ ጆንያዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ ከአንዲት ትንሽ መስኮት ብርሃን ይገባል። በሩን ገርበብ አድርጋ በጆንያ ላይ አስቀመጠቻቸውና ነጠላውን ፈታች። እትዬ ተናኘ ቡጢያቸውን ሲከፍቱ መዳፋቸው ላይ የራሳቸው ጥፍር የሰረሰረው ምልክት ነበር።

«አጥፊልኝ፣ ልጄ» አሉ። «ወንድሜን በእጄ ላልቅሰው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። ውላችንን እኔ ነኝ ያፈረስኩት።»

«እሱን በኋላ ትናዘዢያለሽ። አሁን እጅሽን አንቀሳቅሺ።»

ጥጥ አልነበራትም። የራሷን ጥቁር ሻሽ ከአንገቷ ፈታች፤ በጥቁር ላይ ቀይ አይታይም። አንድ ጥፍር ትቀባለች፤ በሻሹ ጫፍ ጫን አድርጋ ትጠርጋለች። የመጀመሪያው አውራ ጣት ሮዝ ሆኖ ቀረ፤ ደገመችው፣ ጠራ። ወደ ቀጣዩ አለፈች። የቀኝ እጅ አለቀ። የግራውን አጋምሳ ሳለ በሩ ተከፈተ።

ወይዘሮ ሞልቱ ነበሩ።

የእድላዊት እጅ በአየር ላይ ቀረ። የጥፍር ቀለሙ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል፤ በእትዬ ተናኘ ግራ እጅ ላይ ሁለት ቀያይ ጥፍሮች በመስኮቱ ብርሃን ያበራሉ። የሟች ሚስት ቆመው ያዩአቸዋል።  እትዬ ተናኘ እጃቸውን አልሸሸጉም፤ የሚሸሸግበት ቦታ አልነበረም።

ወይዘሮ ሞልቱ በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ቀርበውም ያቺን እጅ በሁለት እጃቸው ያዟት።

«ይኼው ነው» አሉ፤ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። «ትናንት በዚህ ነው የሳቀው።»

እድላዊት አልገባትም። ወይዘሮ ሞልቱ ወደ እርሷ ዘወር አሉ።

«አልነገረችሽም? ውኃ ልታጠጣው ስትል ነጠላዋ ወደቀ፤ ጥፍሯን አየው። "ሞልቱ፣ ነይ እዪ፣ እህቴ ሳልሞት ልትዳር ነው!" ብሎ ሳቀ። ውኃው እስኪፈስ ድረስ ሳቀ። እኔ ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።»

«ሰርግሽ ላይ ሚዜ እሆናለሁም አለኝ» አሉ እትዬ ተናኘ፤ ሲያለቅሱና ሲስቁ አንድ ላይ ሆነ። «ያ አልጋ ላይ ተጋድሞ!»

ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ። እድላዊት ከጧት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲነሣ ተሰማት፤ እርሷም ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ቀድመው ራሳቸውን የገቱት ወይዘሮ ሞልቱ ናቸው። እንባቸውን ጠርገው «በይ ቶሎ ጨርሺላት» አሏት። «እኔ ይገባኛል፣ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ግን አይገባውም። እኔ በሩ ላይ ልቁም።»

አስከሬኑ ሲወጣ እትዬ ተናኘ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩ። ባዶ፣ ንጹሕ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ደረታቸውን መቱ፤ የወንድማቸውን ስም እየጠሩ እንደ ልባቸው አለቀሱ። ወይዘሮ ሞልቱ በጎናቸው ነበሩ። እትዬ ብርነሽ ጥቂት ካዩ በኋላ ከሁሉም ከፍ ባለ ድምፅ ለቅሶውን ተቀበሏቸው። እድላዊትም ከኋላ ሆና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እፎይታ እንዲህ እንደሚያስለቅስ አታውቅም ነበር። «ለጎረቤቷ ወንድም እንዲህ የምታለቅስ ልጅ፣ ይባርካት!» አለ ከመንገዱ ዳር አንድ ሰው።

የዚያን እሑድ ምሽት «የቅዳሜ ጥፍር» ላይ ምንም አልወጣም። ተከታዮቿ «ምነው ጠፋሽ?» ሲሉ ጻፉላት። ፎቶው ስልኳ ውስጥ ነበር፤ ሎሚው፣ ረጃጅሞቹ ጣቶች፣ ልክ የወጣው ቀይ። ስሟን ሊያስጠራ የሚችል ፎቶ እንደሆነ ታውቃለች፤ ደጋግማ ከፈተችው፤ ደጋግማ ዘጋችው። ማክሰኞ ለሠልስቱ ፉሪ ስትሄድ ወይዘሮ ሞልቱ ጆሮዋ ሥር ተጠግተው «ያንን እጅ አንስተሽው ነበር አሉ። እስቲ አሳዪኝ» አሏት። አሳየቻቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ስልኩን ሲመልሱላት ግን ምንም አልጠየቋትም።

ዓርብ ዕለት እድላዊት ከሥራ ስትወጣ ጎፋ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት ገብታ ፎቶውን በሁለት ቅጂ አሳተመችው፤ አንዱን ለፉሪ፣ አንዱን ለጎረቤቷ። ያ ፎቶ በቻናሏ ላይ እንዳይወጣም ቆርጣ ወሰነች። ለነገው ቅዳሜም ሌላ ትምህርት አዘጋጀች፤ አሴቶን ሲያልቅ የጥፍር ቀለም እንዴት እንደሚጠፋ፣ በራሷ ግራ እጅ ላይ፣ ስልኩ ቢንቀጠቀጥም።