አሸዋ ውስጥ የሚተኛው ዓሣ

በስደት አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ የነበረችው ጠባብ ቤታችን ዛሬም ትናፍቀኛለች። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ከጓደኛዋ ቤተሰብ ጋር ፍሎሪዳ ባሕር ልትዋኝ የተጋበዘችው እዚያ ሳለን ነው። አይሆንም አልኳት።

«ለምን አባዬ? ሻርክ እኮ ዳር አይመጣም።»

«ስለ ሻርክ ማን አወራ?»

በወጣትነቴ አሰብ ወደብ ስሠራ፣ ዓርብ ከሰዓት ከጓደኛዬ ጋር ባሕር እንገባ ነበር። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ አሸዋ ውስጥ የተኛ ጠፍጣፋ ዓሣ ረገጠና በጅራቱ መርዛም እሾህ እግሩን ወጋው። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ የማውቀው የእባብ መድኃኒት ነበር። እግሩን በቀበቶዬ አጥብቄ አሰርኩት፤ ቁስሉንም በምላጭ በጣሁት። «ፍታልኝ» ብሎ ሲለምነኝ «ወንድ ሁን» አልኩት። ሐኪም ቤት እስክንደርስ ሰዓታት አለፉ፤ እግሩ ጠቁሮ ነበር። ሦስት ጣቶቹ ተቆረጡ። ለልጆቼ ስተርክ ግን ጥፋቱ ሁሉ የዓሣው ነበር።

ልጄን ከከለከልኩ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ ዘርግቼ ስለዚያ ዓሣ መርዝ የተጻፈ መጽሐፍ አነበብኩ። አትሰር፣ አትብጣ ይላል። የተወጋውን እግር ሰው በሚችለው መጠን በሞቀ ውሃ መዘፍዘፍ ነው፤ እንዳያቃጥል ሙቀቱን አስቀድሞ በደህና እጅ መሞከር፤ ከዚያ ወደ ሐኪም መውሰድ። ያን ቀን እኮ አጠገባችን የወደብ ሠራተኞች ሻይ ያፈሉ ነበር። ሳያውቅ የሚያክም ሰው ከመርዙ አይሻልም።

ቤት ስመለስ ልጄን ምንጣፉ ላይ አቆምኳት።

«ውሃ ውስጥ እግርሽን አታንሺ፤ አሸዋውን እያበስሽ ጎትቺው። ዓሣው ሲሰማሽ ይሸሻል።»

ሁለታችንም ከሶፋው እስከ መስኮቱ እየተንሸራተትን ሄድን።

«አባዬ፣ ፔንግዊን መሰልክ።»

«ሳቂ። ግን ጎትቺ። ከተወጋሽ ደግሞ ማንም እንዳያስርሽ።»

ቆመች። «አንተ ግን ጓደኛህን አስረኸው የለ?»

«አዎ። ጣቶቹን ያሳጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

አባቷ ስህተቱን ሲያምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ቀን ይመስለኛል።

«እና ልሂድ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሂጂ።»

ማታ የጓደኛዋ አባት ስልክ ደወለ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስለ ሙቅ ውሃው ሁሉ ነገርኩት፤ ከየት እንደተማርኩት ሲጠይቀኝም ጥፋቴን አልደበቅኩትም።