አክስቴ የማይቀበሉት «ማንም»

አክስቴ ሞዛምቢክ ሲሠሩ የተማሩትን ፖርቱጋልኛ፣ ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ከገቡ በኋላ፣ ጣናን በሚያየው በረንዳቸው ላይ ያስተምሩኝ ነበር። «አንድ ሰው»፣ «አንዳንዶች»፣ «ማንም» የሚባሉትን ቃላት በተማርንበት ቀን፣ በፖርቱጋልኛ «ቤት ውስጥ ማንም የለም» ብዬ ጻፍሁ። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት አልነበረበትም፤ እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው «እስኪ ጓዳ ገብተሽ እይ» አሉኝ። ገብቼ አየሁ፤ ለዘመናት አብራቸው የኖረችው እማዋይሽ ዓሣ ታጸዳለች።

«ታዲያ እሷ ሰው አይደለችም፣ አንቺ ምሁር?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህም «ማንም አልመጣም»፣ «ማንም አልረዳኝም» የሚላቸውን ሁሉ «አይተሃል?» ሳይሉ አያልፉትም ነበር።

በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ «ያለ ማንም ረዳት፣ ብቻቸውን ኖረው አረፉ» ይላል። ብቻቸውን! በሕመማቸው ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን የከደነችላቸው እማዋይሽ ከኋላ ቆማ እየሰማች ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አክስቴ ቢኖሩ አንባቢውን በመካከል ያስቆሙት ነበር፤ የሚያስቆም ግን አልነበረም፤ እኔም ራሴ አላስቆምሁትም።

ጽሑፉን ያዘጋጀውን የአጎቴን ልጅ ስጠይቀው፣ «ለወጉ ያህል እኮ ነው፣ እታለም፤ ሠራተኛ በሕይወት ታሪክ ይገባል እንዴ?» አለኝ። እሷ ያበሰለችውን እየበላ ያደገ ሰው ነው።

በአርባቸው የሕይወት ታሪካቸውን የማነበው እኔ ነኝ። እማዋይሽም በስሟ ትጠራለች፤ የምትቀመጠውም ከፊት፣ ከቤተሰቡ ጋር ነው። ይህ የከበደው ዘመድ ቤቱ ይቀመጥ።