ኮት ለባሹ ሰዓት ሠሪ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አነጠስኩ። በዚህች የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር፣ የመናዊው ሰዓት ሠሪ የሐጂ ሳሊም ጠረጴዛ ላይ አንድ የሴት ሰዓት ተፈታትቶ ነበር፤ ከሰሊጥ የምታንስ ብሎን በረረችና ጠፋች። ማግኔት ይዤ ቀኑን ሙሉ መሬት ለመሬት ስድህ ዋልኩ። ሐጂ ድሬዳዋ ያደጉ ስለሆኑ አማርኛ አይቸግራቸውም፦ “ዋላሂ፣ ይሄ አፍንጫህ ለሰዓት ሳይሆን ለመርከብ ጡሩምባ ነው የሚሆነው!” አሉኝ። ብሎኗ ከራሳቸው ነጠላ ጫማ ሥር ተገኘች። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ።

እውነቱን ለመናገር ከአገሬ ስወጣ ሐሳቤ ወደ የመን መሻገር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጀልባ እስኪገኝ ልሥራ ብዬ ነው የገባሁት። የተፈታውን ዕቃ በቤንዚን ማጠብ ተማርኩ፣ ቀጥሎ ማሰሪያ መቀየር። ሞላ እንድነካ የተፈቀደልኝ በሦስተኛው ዓመት ነው። ያኔ ጀልባውን ረስቼዋለሁ።

የድሮ የመንገድ ፎቶ መሰብሰብ የጀመርኩት ሐጂ ካረፉ በኋላ ነው። ጎረቤታችን ያለ ፎቶ ቤት ሲዘጋ ባለቤቱ አንድ ካርቶን ሙሉ ሊጥል ሲል ደረስኩበት። ሌላው ሰው ፎቶ ሲያይ ቆነጃጅቱን ወይም መኪናውን ያያል። እኔ የሥራ አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ከኋላ የሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ እፈልጋለሁ። የኪስ ሰዓት ከገበያ እንዴት እንደጠፋ፣ የሰዓት ሠሪዎቹ ረድፍ ከመስጊዱ ጥግ ወደ ገበያው እንዴት እንደተዛወረ፣ ሁሉንም ያወቅሁት ከፎቶ ነው። ደንበኞቼን “ሰዓትህን ልሥራልህ፣ የአባትህን የድሮ ፎቶ አምጣ” እላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ “ሰው ሰዓት ይሰበስባል፣ አንተ የሰዓት ፎቶ!” ትላለች።

አሁን ስህተቴን ልናገር። ሽታዬ የምትባል ሴት ካርቲየ 6 ውስጥ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት አላት። አንድ ቀን ስለ ፎቶዎቼ ሰምታ መጣች።

“ጋሼ፣ አባቴ እዚሁ ከተማ ሰዓት ሠሪ ነበር” አለችኝ። “የሞተው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው፤ መልኩን አላውቀውም። አንድ ፎቶ እንኳ የለንም። እናቴ የምትለኝ፣ ከመስጊዱ ጥግ ከነበሩት መሃል ሐበሻው እሱ ብቻ ነበር።”

የዚያ ረድፍ ፎቶ ነበረኝ። ሦስት ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰው። ሁለቱ ሽርጥ ያገለደሙ ናቸው፤ ሦስተኛው ኮት ለብሶ ወደ ካሜራው ፈገግ ብሏል።

“ይሄ ነዋ!” አልኳት። “በዚህ ሙቀት ከሐበሻ በቀር ኮት የሚለብስ ማን አለ?”

አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ኮራሁ። ፎቶውን አሳድጋ፣ በፍሬም አድርጋ ምግብ ቤቷ ውስጥ ሰቀለችው። ዓመት ሙሉ በር በከፈተች ቁጥር “አባዬ፣ እንደምን አደርክ” ትለው ነበር። ሾፌሮቹም እጅ ይነሱታል።

ዘንድሮ ሌላ ነገር ስፈልግ ያንኑ ፎቶ እንደገና አየሁት። ከጠረጴዛዎቹ በስተጀርባ የግድግዳ ሰዓቶች ተሰቅለዋል። ለጥገና የመጣ ሰዓት የትም ቁጥር ላይ ስለሚቆም ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም። አሁን ግን ሁለቱ ላይ የደቂቃው ቆጣሪ እኩል ሩብ ላይ ነው። ከኮት ለባሹ ራስ በላይ ያለው ስምንት ከሩብ ይላል፤ ከጎረቤቱ ራስ በላይ ያለው ሁለት ከሩብ። የመንገዱ ጥላ ረጅም ነው፣ ጠዋት ነው። ሁለቱም ሰዓቶች ይሠራሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ በከተማው አቆጣጠር፣ አንዱ በእኛ።

ሐበሻው ሁለት ከሩብ ከሚለው ሰዓት ሥር የተቀመጠው ባለ ሽርጥ ነበር። እሱ ደግሞ ሥራው ላይ አቀርቅሯል። የሚታየው መሃል አናቱና ሁለት እጆቹ ብቻ ናቸው።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። አፈርኩ። “ደስ ብሏት እየኖረች ምን አስቸኮለኝ?” ስል ባለቤቴ ሰማችኝ። “የሰው ሰዓት አበላሽተህ ሳትናገር ትመልሳለህ እንዴ?” አለች። ተነስቼ ሄድኩ።

ሽታዬ በአጉሊ መነጽሬ ፎቶውን ብዙ አየችው። “ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ እንደምን አደርክ ስል የነበረው ማንን ነው?”

“የመናዊ ይመስለኛል” አልኩ።

ሳቀች፤ ሾፌሮቹ ዞረው እስኪያዩን ድረስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

“መልኩን ወሰድክብኝ እኮ፣ ጋሼ።”

በማግስቱ ያቀረቀረውን ሰውዬ ለብቻው አሳድጌ አመጣሁላት። የእጆቹን ጣቶች አንድ በአንድ ነካቻቸው፣ ከዚያ የራሷን እጅ አየች። ሚስማር አምጥታ ሰቀለችው። እኔ ጥፋቴን ላርም ብዬ ኮት ለባሹን ላወርድ እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

“ተወው” አለች። “እሱም የሰው አባት ነው። ልጁ ፈልጎት ቢመጣ የት ያገኘዋል?”

እንደኔ ፎቶ ለምትሰበስቡ ወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይኸው ነው። የድሮ ፎቶ ስታዩ ከልብሱ በፊት ሰዓቱን አንብቡ። ከተሳሳታችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገሩ፤ እኔ ሦስት ቀን ዘግይቻለሁ።