የዳማው የፊት እግር

ሰፈሩ በሙሉ ችኩሉ ነው የሚለው። እናቱ እንደምትለው አዋላጇ ገና ደጃፍ ላይ ሳለች ነው የተወለደው። ሲበላ ይቸኩላል፣ ሲያወራ ይቸኩላል። ሚስቱን እንኳ «ታገቢኛለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ጋሪው ላይ እንደተቀመጠ፣ ፈረሱን ሳያቆም ነው። እሷ ምስኪን እሺ ለማለት ከኋላው መሮጥ ነበረባት፤ ይህን ነገር እስከ ዛሬ በየምክንያቱ ታነሳበታለች።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ነው «ቀስ በል» የሚል ፍርድ የወደቀው።

ጣጣው የመጣው በዳማው ነው። ዳማው ፈረሱ ነው፤ ከወፍጮ ቤት ወደ ዳቦ ቤት ዱቄት እየጎተተ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። አንድ ቀን ጭቃ ላይ አንሸራተተውና የፊት እግሩ ጅማት ተጎዳ። ክረምቱን በሙሉ ጋጣ ውስጥ ቆመ። እብጠቱ ጠፍቶ ሲወጣ ሌላ ፈረስ ሆኖ ወጣ፤ ሆዱ ተዘርጥጦ፣ ጡንቻው ሟሙቶ፣ አጥሩ ጋ ሳይደርስ የሚያለከልክ። ዱቄቱን በዚህ መሃል የሚያመላልሰው ቀጭኑ የሚባል ሌላ ባለጋሪ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ተንበርክካ እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በእጅዎ እየሳቡ በደልዳላ መንገድ ያራምዱት። ከዚያ ባዶ ጋሪ ይጎትት፣ ከዚያ ትንሽ ጭነት። ሩጫ የሚባል ነገር ይርሱት። ማታ ማታ እግሩን ይንኩት፤ ከሞቀ ወደ ኋላ ይመለሱ። ይህ ጅማት አንዴ ከደገመው ግን ዳማው ጋሪ አይጎትትም።»

«እስከ መቼ ነው ዶክተር?»

«እግሩ እስኪነግርዎት ነዋ።»

እግር አፍ ያለው ይመስል! ችኩሉ እየተነጫነጨ ፈረሱን ስቦ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አታንሱት። ጠዋት ጠዋት ልጓሙን ይዞ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በእግሩ። የሚያልፈው ሁሉ አንድ ነገር ካልጣለበት አይሄድም። «ችኩሉ፣ ሽርሽር ነው?» ይላል ጫማ ጠጋኙ። «ይልቅ አንተ ተቀመጥና እሱ ይሳብህ!» ትላለች አትክልት ሻጯ። የባሱት ደግሞ መካሪዎቹ ናቸው። መንገዱ ሁሉ ተማክሮ የጠበቀው ይመስል ሰው ባገኘ ቁጥር «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል።

«እሺ፣ እንቁላሉ ይሂድ! እሱ እስኪሄድ እኔ ምን ልብላ?» ብሎ አንድ ቀን የማያውቃቸውን ሽማግሌ አምባረቀባቸው። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት አፈረ። እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ይቅርታ ጠይቃቸው፤ ግን ስትጠይቃቸው ቁም» አለችው።

ባዶ ጋሪ መጎተት የጀመረ ሰሞን ዳማው ትንፋሹ ተመለሰ፤ ሆዱም ገባ። አንድ ማለዳ መንገዱ ጭር ብሎ ፈረሱ ጆሮውን ቀስሮ ልጓሙን ሲስብ፣ ችኩሉ አላስቻለውም። «ትንሽ ብቻ» አለና ምላሱን ቀጭ አደረገ። ዳማው ሮጠ። ኧረ እንዴት ያለ ሩጫ! ሰውየው በደስታ ብቻውን ሳቀ። ማታ እግሩን ቢነካው ሞቋል። ጋጣው ውስጥ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠና እርር ድብን አለ፤ ማንን ይስደብ? ሐኪሟም «በሉ እንግዲህ፣ እንደገና ከሀ» አለችው። የወጣውን ዳገት በሙሉ ወርዶ እንደገና በእግሩ፣ እንደገና በነዚያው መካሪዎች ፊት።

በመጨረሻ ትንሽ ጭነት ተፈቀደለት። ወደ ዳቦ ቤቱ ባለቤት ሮጠ።

«ጋሼ፣ ግማሽ ጭነት እችላለሁ። ቦታዬን ይመልሱልኝ።»

«ግማሹ ችግር የለውም» አሉ ሰውየው። «ነገ ቀጭኑም ያመጣል፣ አንተም አምጣ። ሊጥ ሳይቦካ፣ ምድጃው ሳይግል ከደረስክልኝ ቦታው እንደ ቀድሞው ያንተው ነው። ካረፈድክ ግን ወንድሜ፣ ዳቦ የሚበላው ሕዝብ እኔን አይምረኝም።»

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ከወፍጮ ቤት ተነሳ። በርምጃ እንኳ ሰዓቱ ይበቃው ነበር። ዳማው አንገቱን ወርወር እያደረገ ሲራመድ አይቶ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የችኩሉ ልብ ሞላ። ታዲያ መሃል መንገድ ላይ ከኋላ ቃጭል ሰማ። ቀጭኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ችኩሉ ይህን ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ሲያሳድገው በሌላ ጋሪ እንዳይቀደም አድርጎ ነው። ከኋላ ቃጭል በተሰማ ቁጥር ምላሱን ቀጭ ያደርግለታል፣ ይሮጣሉ፣ ይቀድማሉ፣ ቤት ሲገቡ ገብስ ይሰጠዋል። የጋሪ ነጂው ሁሉ ቀልድ ነበር፤ «የችኩሉ ፈረስ ጭራውን እንጂ ፊቱን አያሳይም» ይባላል። አሁን ማንም ምላሱን አላንቀሳቀሰም። ዳማው ግን ቃጭሉን ሲሰማ ጆሮውን ወደ ኋላ አዞረና ጋሪውን ነቅሎ ተነሳ።

«ሃይ! ሃይ!» ልጓሙን ሳበ፤ አልሰማም። ቀጭኑም የድሮ እሽቅድድም መስሎት «ያዝ እንግዲህ!» እያለ ሳቀ። ችኩሉ ከጋሪው ዘሎ ወረደና ፊት ለፊት ገብቶ ልጓሙ ላይ ተንጠለጠለ። ደረቱ እየተገፋ፣ እግሩ አፈር እየጫረ፣ «አንተ ከይሲ! እኔ ነኝ ያስተማርኩህ፣ እኔው እለምንሃለሁ፣ ቁም!» አለው። ፈረሱ ቆመ።

ቀጭኑ አለፈ። ሌላም ቃጭል መጣ፣ አለፈ። ሌላም። ዳማው በየቃጭሉ ይነሳል፣ እሱ ልጓሙን ይዞ ያስቆመዋል። አንዱ «ምነው ዘጋኸው መንገዱን!» ብሎ ሰደበው። በዕድሜው ጋሪ ሲያልፈው አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ያን ጠዋት ያላለፈው አልነበረም፤ ከንዴቱ ብዛት እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፣ እጁ ግን ልጓሙን አለቀቀም። መንገዱ ሲጸዳ ከፈረሱ ጎን በእግሩ እየሄደ ደረሰ።

ምድጃው ግሏል። የቀጭኑ ጆንያዎች ተራግፈው ዱቄቱ እየተቦካ ነው።

«ይችን አራግፋት» አሉት ባለቤቱ፣ ፊቱን ላለማየት እጃቸውን እየጠረጉ። «ከነገ ጀምሮ ግን እሱ ነው የሚያመጣልኝ። አትቀየመኝ።»

ፈረሱ ሊሮጥ ሲል አስቆምኩት ቢል ማን ይሰማዋል! አራግፎ ወጣ።

ማታ ሚስቱ ጋጣው በር ላይ መጥታ ቆመች። እሱ ተንበርክኮ የዳማውን የፊት እግር በሁለት እጁ ይዟል።

«እንዴት ነው?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«ተመስገን!»

«የምን ተመስገን ነው!» ብሎ ጮኸባትና ወዲያው ድምፁ ወረደ። «ዳቦ ቤቱን ለቀጭኑ ሰጡት።»

እሷ ገባችና ከጎኑ ቁጢጥ አለች።

«ታዲያ ነገስ?»

«ነገም እንወጣለን።»

«ምን ጭናችሁ?»

«ምንም» አለ፣ እግሩን ሳይለቅ።