ውሃው እስኪጠራ

ጌይነር ሆልሮይድ የምትኖረው በእንግሊዟ ሃሊፋክስ ከተማ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። ዛሬ በሰፈራችን ቦይለር፣ ያ በጋዝ ውሃ እያፈላ በቧንቧ ቤቱን የሚያሞቀው መሣሪያ፣ የተበላሸበት ሰው ሁሉ የሚደውለው ለእሷ ነው። እኔ ሳውቃት ግን ፀጉር ሠሪ ነበረች። የቤቷን የፊት ክፍል የፀጉር ሳሎን አድርጋ ፀጉራችንን ስታጥብ፣ ስትቀባና ስትጠቀልል ትውል ነበር። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችንን የሚያመላልሰን ከፀጉሩ ይልቅ ጨዋታዋ ነበር።

በአንድ የበረዶ ወቅት የጌይነር አሮጌ ቦይለር ጨርሶ ሞተ። የመጡላት ዊልፍ ባራክላፍ ነበሩ። ያኔ በከተማው ስም የነበራቸው የማሞቂያ ሠራተኛ ናቸው፤ ከቁርስ በኋላ ገብተው ከምሳ በፊት ሥራ ጨርሰው የሚወጡ፣ በፍጥነታቸውም የሚኮሩ ሰው። አሮጌውን ነቀሉ፣ አዲሱን ግድግዳው ላይ ሰቀሉ፣ ከድሮዎቹ ቧንቧዎች ጋር አገናኙ፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ቤቱ ሞቀ። ጌይነርም ለሚገባው ለሚወጣው ሁሉ ስታመሰግናቸው ሰነበተች።

ደስታው ግን አልቆየም። በሚቀጥለው ዓመት ብርዱ ሲመለስ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ያሉት የብረት ማሞቂያዎች፣ ራዲያተሮቹ፣ ከላይ ሞቀው ከታች ቀዘቀዙ። ቦይለሩ እንደ ማንቆርቆሪያ ያጉረመርም ጀመር። አንድ ቀን፣ እኔ ጭንቅላቴ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ አንዴ አጓርቶ ዝም አለ። ፀጉሬ የታጠበው በማንቆርቆሪያ በፈላ ውሃ ነው፤ ያኔ ካፖርቴን እንኳ አላወለቅሁም።

የቦይለሩ አምራች የላከው ሰው መጥቶ ሲከፍተው ውስጡ በጥቁር ጭቃ ታፍኗል። በአሮጌዎቹ ራዲያተሮች ሆድ ለዓመታት የተጠራቀመው ዝገት ከውሃው ጋር እየዞረ አዲሱ ቦይለር ውስጥ ገብቶ ነው። "ሲገጠም ቧንቧው አልታጠበም" አለ ሰውዬው፤ "ስለዚህ ዋስትናው አይሠራም።"

ጌይነር ዊልፍ ዘንድ ሄደች።

"ቦይለሩ ነው የማይረባው" አሏት በራቸው ላይ ቆመው። "እኔ በሥራዬ እንከን የለብኝም።"

"ሚስተር ባራክላፍ፣ እኔ የሰው ፀጉር ቀለም ቀብቼ ሳላጥብ ብሰድ ምን ይሉኛል?"

"ፀጉርና ቦይለር አንድ ነው እንዴ? ሂጂ ወደ ሥራሽ!"

በሩ ተዘጋ። ጌይነር ከንዴቷ የተነሳ መንገዱን ሙሉ ብቻዋን እያወራች ነው የተመለሰችው። ባሏ ኒል አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቀልድ ይወዳል። "እንግዲህ አንቺው ተማሪውና ሥሪው" አላት። ለቀልድ ነበር። እሷ ግን በሳምንቱ የሙያ ትምህርት ቤት ሄዳ ተመዘገበች።

እዚያ ጎረምሶቹ ተሳሳቁባት። "ማሚ፣ ተሳስተሻል መሰለኝ፤ የፀጉር ክፍል ፎቅ ላይ ነው" አላት አንዱ።

"አልተሳሳትኩም የኔ ጌታ። ግን ያንን የተንጨባረረ ጭንቅላትህን ካየሁ በኋላ መቀስ ባመጣሁ ኖሮ ብያለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካት። ቀን ፀጉር እየሠራች ማታ እየተማረች፣ ወድቃም ተነስታም፣ የጋዝ ሥራ ፈቃዷን አገኘች። ሳሎኑን ቀስ በቀስ ዘጋችው። እኛ ደንበኞቿ አኩርፈን ነበር፤ በኋላ ግን ቤታችንን ስታሞቅልን ኩርፊያችንም አብሮ ቀለጠ።

አሠራሯ አንድ ነው። ቧንቧውን ሳታጥብ አዲስ ቦይለር አታገናኝም። ከአሮጌዎቹ ቧንቧዎች ጋር የማጠቢያ ፓምፕ ታያይዝና ውሃውን ወዲያና ወዲህ እየገፋች፣ ራዲያተር በራዲያተር፣ ጥቁሩን ታወጣለች። ከዚያ ማግኔት ያለበት ማጣሪያ ትገጥማለች፤ የተረፈውን የብረት ብናኝ ይይዛል። በመጨረሻም ዝገት የሚከላከል መድኃኒት ውሃው ውስጥ ትጨምራለች። የሚቸኩል ሰው "ለስንት ሰዓት ነው የምታጥቢው?" ካላት፣ "ውሃው እስኪጠራ" ትላለች፤ ሌላ መልስ የላትም።

እንዲህ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ጥር ስልኳ ጮኸ።

"ጌይነር ሆልሮይድ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ዊልፍ ባራክላፍ ነኝ። ቦይለሬ ሞቷል።"

ዊልፍ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሚስታቸውም አርፈዋል፤ ፈቃዳቸው ስላለፈ የራሳቸውንም ጋዝ መንካት አይችሉም።

"ሰው አጥተው ነው ወይስ እኔን ፈልገው?" አለች ጌይነር።

"ሰው ሞልቷል። ግን ቧንቧውን የምታጥቢው አንቺ ብቻ ነሽ ይላሉ" አሉና ስልኩን ዘጉት።

በማግስቱ አዲስ ቦይለር ጭና ሄደች። ዊልፍ ሁለት ሹራብ ደርበው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጥለው ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። ዕቃዋን ገና ሳታወርድ ጀመሩ።

"ያ ቁልፍ ለዚያ ብሎን አይሆንም።"

"ይሆናል።"

"ጨርቅ አንጥፊ፤ ምንጣፉ የሚስቴ ነው።"

"አንጥፌያለሁ እኮ! የሻይ ብርጭቆዎን ይያዙና ዝም ይበሉ።"

የመጀመሪያውን ራዲያተር ከፍታ ውሃውን ነጭ ባልዲ ውስጥ ስታወርደው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ያንን ራዲያተር የገጠሙት ዊልፍ ራሳቸው ናቸው። ባልዲው ላይ አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ያንቺም ቤት እንዲህ ነበር?"

"ይብስ ነበር።"

ፓምፑን ስታስነሳ ግን ብርድ ልብሱን ጥለው ተነሱ፤ ከመሣሪያ ሣጥኗ የጎማ መዶሻ አንስተው፣ በሚያማቸው ጉልበት በርከክ ብለው ራዲያተሩን ከታች ቀስ እያሉ መታ መታ ያደርጉት ጀመር፤ የተጣበቀው ጭቃ እንዲለቅ።

"ገና ነው! ገና እየመጣ ነው!" ይላሉ ባልዲውን እያዩ።

"አየሁት። ያኛውን ጥግ ይምቱት!"

ከክፍል ክፍል እንዲህ እየተጯጯሁ ሄዱ። ፎቅ ደርሰው የመኝታ ቤቱ ውሃ ከጥቁር ወደ ቡና፣ ከቡና ወደ ሻይ፣ በኋላም ንጹሕ ሆኖ ሲወርድ፣ ዊልፍ በብርጭቆ ቀድተው በመስኮቱ ብርሃን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ያን ጊዜ ቤትሽን ሳላጥብ መሄድ አልነበረብኝም" አሉ።

"አዎ፣ አልነበረብዎትም።"

"ይቅርታ።"

"እሺ" አለች ጌይነር። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ለዓመታት ያዘጋጀችውን ንግግር ሁሉ ትታ ሽማግሌውን ደግፋ አስነሳቻቸውና አዲሱን ቦይለር ሊያገናኙ ወረዱ።

"አንቱታውን ተይው" አሏት ደረጃው ላይ። "ዊልፍ በይኝ።"

"እሺ ዊልፍ፤ መዶሻዬን መልስልኛ።"

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። ዊልፍ ቤት መዋል ስለሰለቻቸው የጌይነርን ስልክ ማንሳት ጀመሩ። አንድ ቀን እዚያ ተቀምጬ አንዲት ደንበኛ በፍጥነት እንዲገጠምላት ስትለምናቸው ሰማሁ። "አይሆንም እመቤት!" ጮኹባት። "ፈጣን ከፈለግሽ ሌላ ጋ ሂጂ። ፈጣን ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ!" ጌይነር ከጀርባቸው ሆና አፏን ይዛ ትስቃለች። የሚገርመው፣ ሴትየዋ መልሳ ደውላ ተራ ያዘች።

በዚህ ዓመት ደግሞ የጸሎት ቤታችንን ማሞቂያ ቀየረች። መዘምራኑ ለዓመታት በካፖርትና በጓንት ነበር የሚለማመዱት፤ የመዝሙር መጽሐፍ ገጽ መግለጥ ራሱ ሥራ ነበር። ሥራው ያለቀ ዕለት ካፖርቶቹ ሁሉ መስቀያው ላይ ቀሩ። ኒል ከአውቶቡሱ መልስ ትኩስ አሳና ድንች ገዝቶ መጣ። ጌይነር እጇን ታጥባ ከኋላው ወንበር ከእኔ ጎን ተቀመጠች። ዊልፍ ከራዲያተሩ ጎን ወንበር ስበው ጀርባቸውን አስጠጉ፤ ሁለተኛው መዝሙር ሳይጋመስ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ማንኮራፋታቸው ከወፍራም ድምፆቹ ጋር ሲቀላቀል የመዘምራኑ መሪ ዞር ብላ አየችና እንዲተዉአቸው በእጇ ምልክት ሰጠች።