ጥሩወርቅን ፍለጋ ወደ ዳባት

ሐሙስ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከጎንደር መነኻሪያ የተነሣሁት ጥሩወርቅን ፍለጋ ነው። የሐኪም ቀጠሮዋን ካሳለፈች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር፤ እነሱ ቀበሌ ደግሞ ያኔ ኔትወርክ የለም።

ከእሷ ጋር የተዋወቅነው ሆስፒታል፣ አልጋ ለአልጋ ተኝተን ነው። እኔ ሐያት፣ የቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ፤ እሷ ከዳባት ማዶ ያለች ገበሬ። በሽታችን ግን አንድ ነበር። ሐኪሙ ሲያስረዳን፣ «ከበሽታ የሚከላከልላችሁ ኃይል ተሳስቶ የገዛ ኩላሊታችሁን ቀጫጭን የደም ሥሮች እያጠቃ ነው። ሥሮቹ ሲቆጡ ኩላሊቱ ይጎዳል» አለን።

ጥሩወርቅ ጥቂት አሰበችና፣ «ውሻችን እኛኑ ነከሰን በሉኛ!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ያን ቀን ወደድኳት።

የሰጡን ክኒን ያንን ቁጣ የሚያበርድ ነው። መብረዱን ለማወቅ ደማችንን በቀጭን ቱቦ አቁመው፣ ቀዩ በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደወረደ ይለካሉ። ቶሎ ከወረደ ቁጣው አለ ማለት ነው። ሽንትም ያያሉ። በየቀጠሮው ውጤታችንን እንደ ተማሪ እያስተያየን እንሳሳቅ ነበር።

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ ሚኒባሱ አንጀት ያናውጣል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ በጉም ውስጥ ቆመን ሻይ በዳቦ ቀመስን። ከዚያ ወዲያ ጉሙ ተገፈፈና ቢጫ መሆን የጀመረው የጥቅምት ገብስ በግራ በቀኝ ተዘረጋ። አንዲት ሴት በመስኮት ያቀበለችኝን እሸት ባቄላ እየፈለፈልኩ ዳባት ደረስኩ።

ከዳባት በእግር

ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ዳገቱ ላይ አረፍ ስል አንድ ሽማግሌ ደረሱብኝ።

«ምነው እቴ፣ ደከመሽ?»

«ትንሽ፣ አያ። የጥሩወርቅን ቤት ያውቁታል?»

«እንዴታ! ከዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ለጥር ልጇን ትድራለች። ፊቷ አብጦ ነበር፤ አሁንማ እንደ ጥንቷ ሸጋ ሆናለች።»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ፊታችንን የሚያሳብጠው ክኒኑ ነው። የእሷ እብጠት ከጎደለ፣ ክኒኑን ትታዋለች ማለት ነው።

ጥሩወርቅ ከደጇ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፊቷ እውነትም አምሮበታል። ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለምታውቅ ድንችና ሽሮ አቀረበች፤ በሐኪሙ ትእዛዝ ጨው የለውም። ባሏ አያ ሞላ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ሆስፒታል ተዋዳችሁ የበላችሁት ይኼንን ነው?» ብለው አሳቁን።

እሳቸው ከብቶቹን ሊያዩ ወጣ ሲሉ ጠየቅኳት።

«ክኒኑስ?»

«ተውኩት። ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ልጄን ስድር በዚያ ድስት በሚያህል ፊት ልቁም? ደግሞ ደኅና ነኝ።»

እግሯን አየሁ። የባሏን ሰፊ ጫማ አድርጋለች። ቅልጥሟን በጣቴ ጫን ባደርገው ተሰርጉዶ ቀረ።

«ሽንትሽስ?»

አቀረቀረች። «የሥጋ እጣቢ ይመስላል። ለማንም አልተናገርኩም።»

ጉንጬን የሸፈንኩበትን ሻሽ ገለጥ አድርጌ፣ «የኔም ይኸውልሽ። በዚህ ፊት ነው ከጎንደር እዚህ ድረስ በሰው መሐል የመጣሁት። ልጅሽ ካላንቺ ከምትዳር ካበጠ ፊትሽ ጋር ብትዳር አይሻላትም?» አልኳት።

አያ ሞላ ለካ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። «ጥሩዬ፣ ሠርጉ ቢፈልግ ይቅር። በቅሎዋን ለጠዋት አዘጋጃለሁ።»

ዓርብ፣ ጎንደር

ደሟን ሰጥታ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ጠበቅን። ቀዩ እጅግ ወርዷል፤ ሽንቷም ውስጥ ደም አለ። ሐኪሙ ክኒን በድንገት ማቆም በራሱ እንደሚገድል ነግሯት ከተቆጣ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኩላሊትሽ ተጎድቷል። እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ግን ደርሰሻል።»

አስተኟት። ክኒኑን በመዳፏ ይዛ፣ «ፊቴ መቼ ያብጥ ይሆን?» አለችኝ።

«ለጥር ይደርሳል።»

«እንግዲያ ልጄ ከሩቅ ታየኛለች» አለችና ዋጠችው።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ደኅንነት ስሜት ብቻ አለመሆኑን፣ ደም ከእኛ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ተማርኩ። አንድ ያልነገርኳት ነገር ግን ከነከነኝ። እኔም መስተዋት ፊት ቆሜ ክኒኑን ልጥለው የነበረበት ቀን ነበር፤ ያውም በዚያው ወር።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ።

«አውቄያለሁ እቴ። ጉንጭሽን በሻሽ ሸፍነሽ ነበር የመጣሽው። ወደ ሐኪም የመጣሁትም ለዚያ ነው፤ ብቻሽን እንዳልተውሽ።»