በሃምሳው የጾሙት አባቴ

አምና፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሰዉ ገና የዓመት በዓሉን ወሬ ሳይጨርስ የሆነ ነገር ነው። የማልረሳው አንዲት የማላውቃት ልጅ በአንድ ዳቦ የአባቴን ችግር ስላወቀችው ነው። እኔ ከእሳቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እያደርኩ አላወቅሁትም ነበር።

የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው፤ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለችኝ። አባቴ የታች ጋይንት ገበሬ ናቸው። ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ጎረቤቱ ምች ነው አለ፤ ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው ስትሮክ ነው አሉን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከሐኪም እንዳይርቁ ብዬ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው።

እጃቸውን ስጠይቃቸው "ደህና ነው፣ ትንሽ ዝሎ ነው እንጂ" ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው ስለሚውሉ እጁን አይቼው አላውቅም። የኛ አገር ብርድ ደግሞ ጋቢ አያስወልቅም።

የቸገረኝ የምግቡ ነገር ነበር። በጾሙ ወራት "እኔ እስከ ማታ ነው የምጾመው፣ እናንተ ብሉ" እያሉ ለብቻቸው ጓዳ ገብተው ይበሉ ነበር። ድሮም ጾመኛ ስለሆኑ ምንም አልመሰለኝም። ፋሲካ መጣ፣ ያው ሆነ። አንድ ቀን አልራበኝም፣ ሌላ ቀን ሆዴን ነፋኝ ይላሉ። ልጆቼ መሶቡን ከበው ሲጠብቋቸው እሳቸው በዘዴ ወደ ደጅ ይወጣሉ። የጎረቤት ሰርግ ተጠርተው ቀሩ። እኔ ደግሞ ቶሎ የሚከፋኝ ሰው ነኝ። የሴት ልጅ ቤት እንደ እንግዳ ቤት ሆኖባቸው ነው ብዬ አኮረፍኩ።

በዚህ መሐል አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ጤና ጣቢያ ትመጣለች ሲባል ሰማሁ። የዛለ እጅና እግር እያንቀሳቀሰች የምታሠራ ናት። ሱቄን ዘግቼ አባቴን ይዤ ማለዳ ሄድኩ። ማለዳ ያልኩት ለእኔ ነው እንጂ ግቢው ሞልቶ ጠበቀኝ። ከስማዳ ድረስ የመጣ ሰው ነበር።

ባለሙያዋ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ ልጅ ናት። በሩ ላይ ቆማ "ዛሬ ሁላችሁንም ማየት አልችልም፤ አልዋሻችሁም። መቆየት የሚችል በሚቀጥለው ይመጣል፤ ቢቆይ የሚብስበትን አስቀድማለሁ" አለች። ሰዉ አጉረመረመ። እኔም አጉረመረምኩ፤ ማን ከማን አንሶ!

ረዳቷ እየዞረ ይጠይቅ ጀመር። አንድ ሰውዬ "ወይኔ ወገቤን!" እያለ ጩኸቱ ገበያ ድረስ ይሰማል። አባቴ ጋ ሲደርስ "እንዴት ነዎት አባት?" አላቸው።

"ተመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ።"

ረዳቱም ደህና ናቸው ብሎ መቆየት ከሚችሉት ወንበር አስቀመጣቸው። ደሜ ፈላ። "ደህና የሆነ ሰው እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?" ስለው አባቴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። "ተይ እንጂ! ከእኔ የባሰ ሞልቶ የለም እንዴ?"

ትንሽ ቆይታ ባለሙያዋ በቅርጫት ዳቦ ይዛ ወጣች። ለሁሉም በእጇ ታድል ጀመር። የሩቅ መንገደኛ ይራበዋል ብላ ነው፣ ነፍስ ያላት ልጅ ናት አልኩ። መቼም በኛ አገር ሰው ሲሰጥ ከመቀመጫ ብድግ ተብሎ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። አንዷ ሴት ለመነሳት የጎረቤቷን ትከሻ ያዘች። ያ ወገቤን ባዩ ግን ዳቦውን ሲያይ ብድግ አለ። ልጅቱ ሁሉንም ዝም ብላ ታያለች።

አባቴ ጋ ደረሰች። እሳቸው አልተነሱም። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጾመኛ ነኝ" አሉ።

አጠገባቸው የተቀመጡት መሪጌታ ሳቁ። "በሃምሳው? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት? ይህን ሥርዓት ከየት አመጡት?" ሰዉም ሳቀ። እኔ ግን ዞሬ አየኋቸው፤ እኔንም በጾሙ ያሉኝ ይህንኑ ነበርና።

ልጅቱ አልሳቀችም። ከፊታቸው ቁጢጥ ብላ በቀስታ "አባቴ፣ ከሰው ጋር መብላት ከተዉ ቆዩ?" አለቻቸው።

አባቴ መሬት መሬቱን አዩ። እንዲህም አሉ። "ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? በዚህ ዕድሜዬ የልጅ ልጆቼ እያዩኝ በግራ እጄ ከመሶብ ልቁረስ?"

መሪጌታው ሳቃቸውን ዋጡ፤ እጃቸውን ዘርግተው የአባቴን ጋቢ ራሳቸው ገለጥ አደረጉላት። ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ ተጣብቆ፣ ጣቶቹ ተጨብጠው ነበር። ልጅቱ አንድ ጣት ልታቃና ስትሞክር አባቴ ጥርሳቸውን ነከሱ።

"እኚህ አሁን ይግቡ" አለች ለረዳቷ።

ወገቤን ባዩ ተነስቶ ተቆጣ። "በጨለማ ተነስቼ በእግሬ የመጣሁ እኔ ነኝ! እሳቸው እዚሁ ከተማ ነው ያሉት!"

"ወንድሜ፣ ያንተ ሕመም ሕመም አይደለም አላልኩም። አሁን የምትሠራውን አሳይሃለሁ፤ ወገብህ እስክመለስ ይጠብቀኛል። ይህ እጅ ግን እየደረቀ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ብመጣ ምንም አልሠራለትም።"

ሰውዬው የአባቴን እጅ አየና "እሺ፣ ይግቡ፣ ይግቡ" ብሎ ዳቦውን ይዞ ተቀመጠ። ቃሏን አላጠፈችም፤ ሳይሄድ ጠርታ ወገቡን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ አሳየችው።

ስንወጣ ዳቦው ለምን እንደነበር ጠየቅኋት። "እዚህ ሰው ሲጠየቅ ተመስገን ነው የሚለው" አለችኝ። "አፉን ሰምቼ ብመርጥ የሚደርሰው ለጮኸው ብቻ ነው። ስለዚህ ሲነሱ፣ ሲቀበሉ፣ ሲቆርሱ አያለሁ።" ይህን ስትል እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። እኔ ግን በልቤ እጅ ነሳኋት። ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት ሰው ሳስተናግድ ኖሬ እንዲህ አድርጌ ሰው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሥራ ቤት ሆነ። እጁን በኃይል እንዳንጎትት አስጠንቅቃናለች። ቀስ አድርገን እናቃናለን፤ ከዚያ አባቴ ሽምብራ በቀኝ እጃቸው ከሳህን ወደ ሳህን ይለቅማሉ። አንዷን ለማንሳት ላብ ያጠምቃቸዋል። አንዳንድ ቀን ተናደው ሳህኑን ይገፉታል፣ ልጆቼ ከአልጋ ሥር ይለቅማሉ። ባለሙያዋ በመጣች ቁጥር ደግሞ እንሄዳለን። ሰኔና ሐምሌ እንዲሁ አለፉ።

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ዶሮ ሠርቼ አቀረብኩ። አልጠራኋቸውም፤ እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ራሳቸው መጥተው ከመሶቡ ዳር ተቀመጡ። ውኃ አስታጠብኳቸው። ልጆቼ እንዳያፈጡባቸው በዓይኔ ገሠጽኳቸው።

አባቴ በቀኝ እጃቸው ቆረሱ። እንጀራው አመለጣቸው፤ ደግመው ያዙት። ወጡን ጠቀሱ፣ እየተንቀጠቀጡ ጠቀለሉ። ወደ አፋቸው ይወስዱታል ስል ወደ እኔ አዞሩት።

"እንቺ ልጄ፣ አፍሽን ክፈች" አሉኝ።

ግማሹ አፌ ገባ፣ ግማሹ አገጬ ላይ ቀረ። ልጆቼ ሳቁ፣ አባቴም ሳቁ። እኔ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ጎረስኩት።

አሁንም ጣቶቻቸው እንደ ድሮው አይደሉም፤ እርፍ ጨብጠው አያርሱም። ግን ሰርግ አይቀሩም፣ ማኅበር አይቀሩም። አንዳንድ ሰው "ማሸት ብቻ ነው ሥራዋ" ሲል ስሰማ ከሱቄ ወጥቼ እሟገታለሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ዝም ያሉትን አባቴን ያየች እሷ ናት። የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ አላውቅም፤ ያሳደጓት ወላጆቿ ግን ይባረኩ።